ቃሬዛው፣ ቁልፉና ወጌሻው፦ በጮቄ ግርጌ የተሰጠ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ግንቦት ላይ 18 ወጣቶች ለ5 ቀናት የተራራ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ወሰዱ። ከ11 ሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ከመካከላቸው አንዱ የተማረውን ሁሉ በአንድ ምሽት ሊጠቀምበት ግድ ሆነበት። የተጎዳው ሰው ድኗል። ጉዳዩን የጻፍነው ግን ሰውየው ስለዳነ ብቻ አይደለም። ወጣቱ በዚያ ምሽት በእጁ ከሠራው በአፉ የሠራው ይበልጥ ነበር፤ ቀጥሎ በነበሩት ሳምንታት ደግሞ ያው በአንድ ሌሊት ያገኘው ድፍረት ስሕተት ላይ ጣለው። አንዱ ያለ ሌላው ቢነገር ጉዳዩ ጎደሎ ይሆናል።

የሰዎቹን ስም፣ የቀበሌውን ስምና ዓመቱን ሆን ብለን ትተናል። ሰዓቶቹ ሁሉ በሀገራችን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው

ጮቄ የጎጃም ከፍተኛው ምድር ነው፤ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከሥሩ የሚነሡት ወንዞች በየአቅጣጫው ወርደው መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ገብስና ድንቹ ተዳፋቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ጓሳ፣ አስታና ጅብራ ነው። ብርዱን ለመገመት የሚረዳ ቀላል ስሌት አለ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ 3,600 ሜትር ላይ ያለ ሰው ከከተማዋ በ7 ወይም 8 ዲግሪ የባሰ ብርድ ላይ ነው፤ ነፋሱና እርጥብ ልብሱ ገና አልተቆጠረም።

ቀበሌው ጤና ኬላ አለው። መኪና የሚደርስበት መንገድ ግን ከላይኞቹ ጎጦች 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱም ስለሚጨቀይ መኪና ከታችኛው ድልድይ አያልፍም። ስልክ የሚሠራው ሁለት ጉብታዎች ላይ ብቻ ነው።

ከተማ ውስጥ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት ደሙን አቁም፣ አታነቃንቀው፣ አምቡላንስ ጥራ የሚል ነው። አምቡላንሱ በግማሽ ሰዓት ከመጣ ይበቃል። ሐኪም ጋ ለመድረስ ከ1 ሰዓት በላይ ሲወስድ ግን ትምህርቱ ሌላ ይሆናል፤ ረዳቱ ተጎጂውን ለብዙ ሰዓት ይዞት ይቆያልና። ሰዓት ሲረዝም ስብራት ብቻውን አይሆንም። ብርድ ይገባል፣ እግር ያብጣል፣ ሽንት ይመጣል፣ ተሸካሚ ይደክማል፣ ይመሻል። የዚህ ዓይነቱ አጭር ኮርስ በውጭ አገር አብዛኛውን ጊዜ 16 ሰዓት፣ ረጅሙ ከ70 ሰዓት በላይ ነው። እዚህ የተሰጠው 38 ሰዓት ነበር።

ሠልጣኙ

የ23 ዓመት ወጣት ነው። እስከ 8ኛ ክፍል ተምሯል፤ በጋ ላይ እንግዶችን እየመራ ተራራ ያወጣል፣ ክረምት ላይ የአባቱን ማሳ ያርሳል። በጉልበቱም መንገድ በማወቁም የሚታማ አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ታላቅ ባለበት አይናገርም። በአካባቢው ልጅ አፉን የሚከፍተው ሲጠየቅ ነው፤ ይህ የአስተዳደግ ጨዋነት እንጂ ጉድለት አይደለም። አደጋ ቦታ ላይ ግን የሚያውቀው ሰው ዝም ካለ፣ የሚሠራው የማያውቀው ይሆናል።

ሥልጠናው

ከ38ቱ ሰዓት 25ቱ ያለፈው ሜዳ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ተጎጂን በቅደም ተከተል ማየት፣ ሁለተኛው ቁስልና ደም፣ ሦስተኛው ስብራትና ውልቃት፣ አራተኛው ብርድ፣ የከፍታ ሕመምና መብረቅ፣ አምስተኛው ቃሬዛና የማታ ልምምድ ነበር። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የተሰጠው ቦርሳ ቀላል ነው፦ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክሬፕ ባንዴጅ (የሚለጠጥ ማሰሪያ ጨርቅ) 2፣ በፓኬት የታሸገ ጋዝ (ስስ የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ) 10፣ ፕላስተር 1 ጥቅል፣ ጓንት 4 ጥንድ፣ መቀስ፣ የእጅ ባትሪ፣ 2 በ3 ሜትር የሆነ ወፍራም ፕላስቲክ፣ እስክሪብቶና ባዶ ቅጽ። መድኃኒት ሆን ተብሎ አልተጨመረበትም፤ ለምን እንደሆነ በኋላ የተፈጠረው ነገር በደንብ ያሳያል።

የልምምዱ አሠራር ወጣቱን የለወጠው ነገር ስለሆነ በዝርዝር ማየት ይገባል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሦስት ጊዜ መሪ ይሆናል። በመጀመሪያው ልምምድ ይህ ልጅ ለ4 ደቂቃ ያህል ቆሞ ቀረ፤ ሁሉም ሲጮኹ እሱ ዝም አለ። በሁለተኛው ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ፤ ሁሉን ነገር ብቻውን ሠራ። እግሩን ሲያስር አሥራ አንድ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያይ ነበር። ተጎጂ ሆኖ የተኛው ሠልጣኝ ጀርባው ሥር በቀይ ቀለም የተሣለ ሁለተኛ ቁስል ነበረው፤ እስከ መጨረሻው ማንም አላገኘውም። በእኛ ግምት ብቻውን የሚሠራ ረዳት ከሚደነግጠው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የደነገጠውን ሌላው ይተካዋል፣ ብቻውን የሚታገለውን ግን ሰው ሁሉ እየሠራ ነው ብሎ ይተወዋል።

በሦስተኛው ልምምድ አሠልጣኙ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዲከት አዘዘው። መንካት ክልክል ነው፤ ማየት፣ ማሰብና መናገር ብቻ። እዚህ ላይ ማንም ያላሰበው ችግር ብቅ አለ። ልምምዱን ሊያዩ ከመጡት መካከል ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እነሱም ተሸካሚ እንዲሆኑ ተጠየቁ። "አንተ ያዝ፣ አንተ ሂድ" የሚለው የመመሪያ ቋንቋ ለነሱ አይሆንም። ልጁ አፉ ተያዘ። ሠልጣኞቹ ቁጭ ብለው መከሩና የራሳቸውን መንገድ አወጡ፦ መጀመሪያ አክብሮ መጥራት፣ ቀጥሎ አንድ ሥራ ብቻ መጠየቅ፣ ቀጥሎ ምክንያቱን በአንድ ሐረግ መንገር። "አባቴ፣ ይህን ጋቢ በነፋሱ በኩል ይያዙልኝ፤ ብርድ እየገባው ነው።" "አያ፣ ከዚያ ጉብታ ወጥተህ ደውልልን፤ እዚህ ኔትወርክ የለም።" ሥራውና ምክንያቱ አብረው ሲመጡ ታላቅ ሰው መታዘዝ ሳይሆን ማገዝ ይሆንለታል። ሠልጣኙ ይህንን እስኪለምድ ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገመው። ከ5ቱ ቀን የበለጠ የጠቀመችው ያቺ አንድ ሰዓት ነበረች፤ መርሐ ግብሩ ላይ ግን አልነበረችም።

የነሐሴው አደጋ

ዕድሜው ከ35 የማያልፍ አንድ ገበሬ ከወፍጮ ቤት ዱቄት በበቅሎ ጭኖ ሲመለስ፣ በረዶ ከዘነበ በኋላ በሚያዳልጥ ተዳፋት ላይ በቅሎዋ ተንሸራተተች፤ ጭነቱ ግራ ቅልጥሙ ላይ ወደቀበት። ከቀኑ 9፡30 ገደማ ነው። እረኛ ልጅ ሮጦ ሠልጣኙን ጠራ፤ 9፡50 ላይ ደረሰ።

የመጀመሪያ ስሕተቱ እዚያው ነው። ደም ስላየ በቀጥታ ሄዶ ተንበረከከ፤ በቅሎዋ ግን ከበላዩ ተዳፋቱ ላይ ጭነቷ ተንጋዶ እየተወራጨች ነበር። የእግሯ ድንጋይ ተንከባሎ አጠገቡ ሲያርፍ ነው ትምህርቱ ትዝ ያለው። ተነሣ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ በቅሎዋን ሌላ ሰው ወደ ጎን እንዲያወጣት ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን ያዘ። ተጎጂው ይናገራል፣ ስለዚህ ይተነፍሳል። ሌላ የሚፈስ ደም አለ ወይ? በጓንት እጁን ከጀርባው ሥር አስገብቶ ዳሰሰ፤ የለም። ራሱን ተመቷል? አልተመታም። አንገቱን አያመውም፣ እጆቹንና ቀኝ እግሩን ያንቀሳቅሳል። ይህ ሁሉ 3 ደቂቃ አልፈጀም።

ግራ ቅልጥሙ ከመሃሉ ወደ ውጭ ተጣሟል። ከስብራቱ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቁስል አለ፤ አጥንት አይታይም። ከስብራት በላይ ያለ ቁስል ሁሉ፣ ምንም ትንሽ ቢሆን፣ ክፍት ስብራት ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ጀርም ወደ አጥንቱ ይገባልና ከሐኪም እጅ በቶሎ መድረስ አለበት። ደሙን ጋዝ ደርቦ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳያነሣ ተጭኖ አቆመው። ጨርቁን በየደቂቃው እያነሡ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋል፤ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

የእግሩ ጣቶች ግን ነጭና ቀዝቃዛ ነበሩ። የቀኝ እግሩን ጣት ጥፍር ተጭኖ ሲለቀው ቀለሙ ቶሎ ተመለሰ፤ የግራው ዘገየ። በብርድ ጊዜ የሁለቱም መዘግየት ያለ ነው፤ የሚያስጨንቀው የሁለቱ መለያየት ነው። በእግሩ ጀርባ ላይ ያለውንም ትርታ አላገኘውም። እንዲህ ሲሆን፣ መንገዱም ሰዓታት ሲፈጅ፣ የተጣመመውን እግር ቀስ ብሎ ማቅናት ይፈቀዳል።

ወጌሻው

በዚህ መሃል ሁለት ሰዎች ደረሱ። አንደኛው የተጎጂው አጎት ናቸው፤ ብርዱን ያባርርለታል ብለው አረቄ ይዘዋል። ሁለተኛው በአካባቢው የታወቁ፣ ዕድሜያቸው 60 የሚሆን ወጌሻ ናቸው፤ የቀርከሃ መቃ ይዘዋል፤ ሐሳባቸው እግሩን እዚያው ጎትቶ መመለስና አጥብቆ ማሰር ነው።

የአረቄው ነገር ቀለለ። ወጣቱ አረቄ ቆዳን የሚያሞቅ የሚመስለው የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚያወጣ መሆኑን በሁለት ቃል ነገራቸውና፣ በምትኩ ከቅርቡ ቤት ስኳር የበዛበት ሻይ እንዲያመጡለት ለመናቸው። ሥራ ስለተሰጣቸው ቅር አላላቸውም። ወጌሻውን ግን በዚህ መንገድ መመለስ አይቻልም ነበር። በዚያ ጎጥ ከልጁ ይልቅ የሚታመኑት እሳቸው ናቸው፤ ብዙ ውልቃትም መልሰዋል። የወጌሻ እሥር ጉዳቱ በሀገራችን ሆስፒታሎች የታወቀ ነው፤ አዲስ ስብራት ገና እያበጠ ስለሆነ፣ አጥብቆ የታሰረ መቃ ደም ያግድና እግር ሞቶ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ቁስል ካለበት ደግሞ ይብሳል። ይህንን በአደባባይ መናገር ግን ጠብ ነው፤ ጠቡ ደግሞ በተጎጂው ላይ ያልፋል።

ልጁ ያለው ይህን ነው፦ "አባቴ፣ እጅዎ ከኔ እጅ ይልቅ አጥንት ያውቃል። እንዳይነቃነቅ እርስዎ ይያዙልኝ፤ ቁስል ስላለበት እኔ አጥቤ ላልብሰው። መቃዎንም እፈልገዋለሁ።" ወጌሻው ተንበረከኩ። ከዚያ ሁለቱ አብረው ሠሩት። ወጣቱ ሃይላንድ ክዳን ላይ ቀዳዳ ወግቶ ከ1 ሊትር በላይ የሚጠጣ ውሃ በኃይል እየረጨ ጭቃውን ከቁስሉ አጠበ፤ በንጹሕ ጋዝ ሸፈነው። ወጌሻው ተረከዙንና የእግሩን ጀርባ ይዘው፣ በአጥንቱ አቅጣጫ፣ ሳይነጥቁ፣ በዝግታ ሳቡ፤ ሌላ ሰው ጉልበቱን ያዘ። ስምምነቱ ሕመሙ ከባሰ ወይም እምቢ ካለ ማቆም ነበር። እምቢ አላለም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጣቶቹ መሞቅና መቅላት ጀመሩ።

ስፕሊንቱ፣ ማለትም ስብራቱን የሚደግፈው እሥር፣ የተሠራው ከወጌሻው መቃ ነው፦ ከጭን መሃል ጀምሮ ከተረከዝ የሚያልፍ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው 4 ፍልጥ። የቅልጥም ስብራት ከላይ ጉልበትን፣ ከታች ቁርጭምጭሚትን ካልያዘ አልታሰረም ማለት ነው። በመቃውና በቆዳው መካከል የተጠቀለለ ነጠላ ገባ፤ ከጉልበት ሥርና ከቁርጭምጭሚቱ ጎን ያለው ክፍተት በጨርቅ ተሞላ። በ5 ቦታ ታሰረ፤ ስብራቱና ቁስሉ ላይ ግን ምንም ቋጠሮ አላረፈም። ጣቶቹ እንዲታዩ ተተዉ።

ብርዱ፦ ያመለጠው 40 ደቂቃ

እግሩ ሲሠራ ሰውየው እየቀዘቀዘ ነበር። ከላይ ሁለት ጋቢ ደርበውለታል፤ ከታች ግን በረዶ የቀለጠበት ጭቃ ላይ ነው የተኛው፤ ሸሚዙም እንደረጠበ ነው። መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ ቃሉ መንተባተብ ያዘ። ከላይ ምንም ቢደረብ፣ እርጥብ መሬት ሙቀትን ከሥር ይመጠዋል። ሠልጣኙ ይህንን አራተኛው ቀን ላይ ተምሮታል፤ ነገር ግን ዓይኑ እግሩ ላይ ስለተተከለ 40 ደቂቃ አለፈ። ያስታወሰውም አንዲት ጎረቤት "ኧረ ሰውየው መሬት ላይ ነው!" ብላ ስትጮህ ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ትክክል ነው። እርጥቡ ልብስ በመቀስ ተቆርጦ ወጣ። ከሥር ሁለት ደበሎ ተነጠፈ፤ የበግ ቆዳው ፀጉሩ አየር ስለሚይዝ፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ከገበያ ፍራሽ አያንስም። ከላይ ደረቅ ጋቢ፣ ከሁሉ ውጭ ፕላስቲኩ፤ ራሱም ተሸፈነ። ከቅርቡ ቤት የመጣ ሙቅ ውሃ በሁለት ሃይላንድ ተሞላ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሁለቱ ብብቱ ሥር ገባ። ጨርቁ ግድ ነው፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም። እጅና እግሩን ማሸት የፈለጉ ነበሩ፤ ተከለከሉ፤ ሙቀቱ መጀመሪያ ወደ ደረትና ወደ ልብ መድረስ ስላለበት። ሻዩን በትንሽ በትንሹ ጠጣ፤ በደንብ ነቅቶ ስለሚውጥ ችግር የለውም። የጠጣበት ሰዓትም ቅጹ ላይ ተጻፈ፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። ከ30 ደቂቃ በኋላ ንግግሩ ጠራ።

ሸክሙ

ጤና ኬላው ውስጥ ለወላዶች የተዘጋጀ ቃሬዛ ነበር። የክፍሉ ቁልፍ ግን አንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ገበያ ሄዷል። እንዲህ ያለው ነገር ከተራራውም ከበረዶውም የበለጠ ያናድዳል። ስለዚህ ቃሬዛ ተሠራ፦ 3 ሜትር ርዝመት፣ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው 2 የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ሁለት ወፍራም ጋቢ ተደርቦ። በጋቢው መሃል ላይ ጠፍር በሦስት ቦታ ተሻግሮ ታሰረ፤ ጠፍር ከሌለ የጥጥ ጨርቅ በሰው ክብደት ይወርድና ተጎጂው እንደ ጆንያ ይጎብጣል። መጀመሪያ አንድ ጤነኛ ሰው ተኝቶበት ተፈተነ፤ አንዱ ቋጠሮ ተፈታ፤ እንደገና ታሰረ።

11፡00 ላይ ተነሡ። ተሸካሚው 22 ነበር፤ በአንድ ጊዜ 6፣ በየ10 ደቂቃው የሚቀያየር። ከፊት አንድ ሰው መንገዱን እየመረመረ ይሄዳል። ወጣቱ አልተሸከመም። ተጎጂው ራስ አጠገብ እየሄደ ያናግረው፣ ያስቀይር፣ ያስቆም ነበር። ለመሸከም ሁለት ጊዜ ቢነሣም ወጌሻው ራሳቸው "ያንተ ሥራ ዓይንህ ነው" ብለው መለሱት።

ሁለት ነገር ተበላሸ። የመጀመሪያው እግሩ ነው። ጣቶቹ በየ30 ደቂቃው ይታያሉ ተብሎ ነበር፤ ሲጨልምና ጭቃው ሲበዛ ተረሳ። 1፡00 ሰዓት ላይ ተጎጂው ጣቶቼ አይሰሙኝም አለ። እግሩ አብጦ እሥሩ ጠብቆበታል። ቆሙ፣ ሁሉንም ቋጠሮ አላሉ፣ ጣቱ ተመልሶ ሞቀ። ከዚያ በኋላ አዲስ ደንብ አወጡ፦ ተሸካሚ በተቀያየረ ቁጥር ጣት ይታያል። በሰዓት መቁጠር በጨለማ አይሠራም፤ ከማይቀር ሥራ ጋር የተያያዘ ግን አይረሳም።

ሁለተኛው መልእክቱ ነው። መጀመሪያ የተላከው ሯጭ ጉብታው ላይ ወጥቶ ደወለ፤ "እግሩ ተሰብሯል፣ መኪና ላኩ" አለና ባትሪው ሞተ። መኪናው ወጣ፤ የሄደው ግን በሌላኛው መንገድ ወደ ላይኛው ድልድይ ነው። የላኩትን መውቀስ አይቻልም፤ ከሁለቱ ድልድይ የትኛው እንደሆነ አልተነገራቸውም። ልጁ ይህንን የጠረጠረው 12፡00 ላይ ነው፤ ሁለተኛ ሰው በወረቀት ጽፎ ላከ። ወረቀቱ ላይ የነበረው፦ የተጎጂው ዕድሜ፣ የሆነው ነገርና ሰዓቱ፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ የተደረገለት፣ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ የሚወርዱበት ድልድይና የሚደርሱበት ግምታዊ ሰዓት። 3፡40 ላይ ታችኛው ድልድይ ሲደርሱ መኪናው 10 ደቂቃ ቀድሞ ቆሞ ነበር። 6 ኪሎ ሜትር በ4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ማለት ነው። ለማያውቅ ሰው ብዙ ይመስላል፤ ለጭቃ፣ ለጨለማና ለቃሬዛ ግን የተለመደ ፍጥነት ነው፤ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ከዚህ በላይ ተስፋ ማድረግ የለበትም።

ሰውየው በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ተላልፎ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከ4 ወር በኋላ በዱላ ይሄድ ነበር፤ አሁን ያለ ዱላ ይሄዳል፣ ጥቂት ያነክሳል።

ከዚያ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት ሠልጣኙ እንቅልፍ አጣ። በተለይ ያ የረሳው 40 ደቂቃ ይመላለስበት ነበር። በ9ኛው ቀን አሠልጣኙ ሄዶ ከጥቂት ተሸካሚዎች ጋር ሰብስቦ ምሽቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተረካቸው። ማን ምን አየ፣ ምን አሰበ፣ ምን ቀረ። ወቀሳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፉ ተመለሰ። ውይይቱ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ መደረግ ነበረበት፤ መዘግየቱ የሥልጠናው አዘጋጆች ስሕተት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከእንቅልፍ ማጣት የከፋ ነው። ጎጡ "ዶክተር" ብሎ ይጠራው ጀመር። ልጅ ሲያተኩስ ይመጣሉ፤ ሆድ ሲነክስ ይመጣሉ። መድኃኒት በቦርሳው አለመኖሩ ብዙ አዳነ። በመስከረም ግን አንድ እረኛ ባልታወቀ ውሻ ተነክሶ መጣ። ወጣቱ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጠበው፤ ይህ በትክክል መደረግ ያለበት ነው። ከዚያ ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ "አይዞህ፣ ምንም አይደል" ብሎ ወደ ቤቱ ላከው። ስሕተቱ ይኸው ነው። ውሻው ሳይነካኩት ነክሶ ጠፍቷል፤ እብድ ውሻ ሊሆን ይችላል። የውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ወዲያ አያድንም ማለት ይቻላል፤ የሚያድነው ምልክት ሳይታይ በቶሎ የሚጀመር ክትባት ብቻ ነው፤ የቁስሉ ትንሽነትም ዋስትና አይሆንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሁለተኛው ቀን ቤት ለቤት ስትዞር ሰማች፤ እረኛውን ያን ዕለት ክትባቱ ወዳለበት ላከችው። እረኛው ደኅና ነው።

በነሐሴ ያዳነውና በመስከረም ያሳሳተው አንድ ነገር ነው፤ መናገር መቻሉ። ግንቦት ላይ "ይያዙልኝ" ማለት አይችልም ነበር። መስከረም ላይ "አላውቅም፣ እስዋን ጠይቁ" ማለት አልቻለም። ሥልጠናው የመጀመሪያውን ሃያ ጊዜ አለማምዶት ነበር፤ ሁለተኛውን አንድም ጊዜ አላለማመደውም።

ሌላ ቦታ የሚጠቅመው

እጅ ኪስ ውስጥ የሚገባበት ልምምድ ምንም ወጪ የለውም፤ ለማንኛውም ሥልጠና ሊገባ ይችላል። ትእዛዙን በአካባቢው አክብሮት ቋንቋ ማዘጋጀት ግን ከዚያ አይነጠልም፤ ወጣት ታላቁን በሚያከብርበት አገር የውጭውን መመሪያ ቃል በቃል ማስተማር ልጁን ወይ ዝም ያሰኘዋል ወይ ያስነቅፈዋል።

ወጌሻን በር ላይ ማስቆም አይቻልም፤ ሕዝቡ መጀመሪያ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ላይ እሳቸውና ሌላ አንድ ወጌሻ ለስብራቱ ቀን ተጋበዙ። በሦስት ነገር ተስማሙ፦ ቁስል ያለበትን ስብራት አለማሰር፣ ከታሰረ በኋላ ጣት ሁልጊዜ እንዲታይ መተው፣ ጣት ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ወዲያው መፍታት። በአራተኛው፣ ማለትም ማንኛውንም ስብራት ወደ ጤና ጣቢያ በመላክ፣ ገና አልተስማሙም።

በአዲሱ ልምምድ ከሦስቱ አንዱ መልሱ "ይህ የኔ ሥራ አይደለም፤ ላኩት" የሆነ ተጎጂ ይቀርባል፦ የደረት ሕመም፣ የውሻ ንክሻ፣ የነፍሰ ጡር ደም መፍሰስ። ብዙ የሚያክም ሠልጣኝ ይወድቃል። መጀመሪያ ላይ ሠልጣኞቹ ቅር አላቸው።

የቃሬዛው ክፍል ቁልፍ አሁን ሦስት ነው፤ አንዱ ከጤና ኬላው በር አጠገብ ባለው ቤት ይቀመጣል። ሁለቱ ድልድዮች "ላይኛው" እና "ታችኛው" መባላቸው ቀርቶ በቀለም 1 እና 2 ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ ለወረዳውም ተነግሯል። ወደ ጉብታው የሚላከው ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው፣ ወረቀት ይዞ።

ያልተፈታው የቦርሳው ዕቃ ነው። በዚያ ምሽት ያለቁት ክሬፕ ባንዴጅና ጋዝ እስከ ኅዳር አልተተኩም። በመካከሉ ሠልጣኞቹ ያረጀ ነጠላ በ10 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ በ3 ሜትር ርዝመት እየቀደዱ፣ አጥበውና 20 ደቂቃ ቀቅለው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው በንጹሕ ፌስታል አሰሩት። ለማሰሪያ ይሆናል። በቀጥታ ቁስል ላይ የሚያርፈው ግን አሁንም የታሸገ ጋዝ መሆን አለበት፤ እሱን የሚገዛ በጀት የማን እንደሆነ እስካሁን አልተወሰነም።